የድንቢጥ ወንበር

ውድ ልጄ፣

ይህን ወረቀት የመኪናዋ መሪ ላይ ያሰርኩት፣ ቅዳሜ ልጅሽን ድንቢጥን በእሷ ልትወስጂ ስትመጪ እንደ ልማድሽ ሳታንኳኪ ቀጥ ብለሽ ጋራዥ እንደምትገቢ ስለማውቅ ነው። ቁልፉን ሳታዞሪ አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምዋሽ ነው። አንቺ "አባባ፣ ደህና ናችሁ?" ስትዪ አፌ ከልቤ ቀድሞ "ደህና ነን" ይላል። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን አስተማሪዋ ናት፤ እሷ ፊት መዋሸት አይሆንልኝም።

ፈርቻለሁ። እንዳለ ጻፊው ብያታለሁ። አርባ ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ፣ መኪና ከክሪክ ተንሸራቶ ደረቴ ላይ ሊያርፍ ሲል ያልፈራሁት ሰውዬ፣ ትናንት ሌሊት እየተነሳሁ የድንቢጥን ትንፋሽ ሳዳምጥ አደርኩ።

የላክሽውን የሕፃን የመኪና ወንበር ሰኞ ገጠምኩት። አብሮት የመጣው ደብተር ሥዕል አለው፤ ሥዕሉን አየሁ። ጎኑ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ምን ይላል ብዬ ሰው አልጠየቅኩም። ይቺን የእሽቅድምድም መኪና ከዝገት ያስነሳሁ እኔ፣ ለአንድ ፕላስቲክ ወንበር "አንብቡልኝ" ልል? ያላት ሁለት መቀመጫ ነው፤ ከሾፌሩ ጎን አስቀምጬ በዚያች የወገብ ቀበቶዋ ጠፍሬ አሰርኩት። "ጠበቀ ወይ?" ስትዪኝ፣ "ተራራ ቢነቃነቅ እሱ አይነቃነቅም" አልኩሽ።

ትናንት ድንቢጥን ይዤ ሰፈሩን ልዞር ወጣሁ። አልፈጠንኩም፤ እግረኛ ይቀድመን ነበር። ዳቦ ቤቱ ጋ ውሻ ዘሎ ገባ። ፍሬን ያዝኩ።

ወንበሩ ከነልጅቷ ወደ ፊት ተደፋ። የመኪናዋ መቀመጫ መደገፊያም ከኋላ ታጠፈባት። በግንባሯና በዳሽቦርዱ መሀል የቀረው አንድ ጣት ነው። እጄ የደረሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።   እሷ ግን ሳቀች።

"አባባ፣ እንደገና!"

መኪናዋን እዚያው ጥዬ፣ ልጅቷን አቅፌ በእግሬ ተመለስኩ፤ መኪናዋን ማታ ብቻዬን ሄጄ ወደ ጋራዥ መለስኳት። አስተማሪዋን ጠርቼ ቀዩን ወረቀት አስነበብኳት። "ወገብን ብቻ በሚይዝ ቀበቶ ፈጽሞ አይታሰር" ይላል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰኞም እዚሁ ተለጥፎ ነበር" አለችኝ።

"ሰኞ አንቺ አልነበርሽማ።"

"ግድግዳ ለግድግዳ ነን እኮ!"

 ይኸው ይህንንም እየጻፈች ትስቅብኛለች።

ልጄ፣ አንቺ ሕፃን ሳለሽ እናትሽ ታቅፋሽ በዚህችው መኪና ያልዞርነው አገር የለም፤ ምንም አልሆንሽም። በዚህ ስኮራ ኖርኩ። ለካ ጉብዝናዬ አልነበረም፤ ውሻ ስላልገባ ነው።

አሁንስ፣ ወለሉን በስቼ የትከሻ ቀበቶ ልሰርላት አልኩ። የምበሳውን ብረት ግን የጠጋገንኩት እኔው ነኝ፤ ያን የቤትሽን መንገድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርጂ ይችል አይችል አላውቅም። አላውቅም ስል ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?

ስለዚህ መኪናዋ አትነሳም። አልተበላሸችም። የሞተሯን እሳት የሚለኩሱትን አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከትቻለሁ። አስተማሪዋ የራሷን መኪና ታውስሻለች፤ ትከሻም ወገብም የሚይዝ ቀበቶ አላት። ወንበሩን እዚያ ገጥመነዋል፤ እሷ መስመር በመስመር እያነበበች፣ እኔ እያሰርኩ። ሦስቴ አስደገምኳት።

ልትቆጪኝ ከሆነ ግቢ፣ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ካንዴላዎቹን ብቻሽን በመጣሽ ቀን ትወስጃለሽ። ድንቢጥን ይዘሽ ከሆነ፣ ብታለቅሺም አልሰጥሽም።

ሰኞ ያልጠየቀው
አባትሽ