ፊቱ የእኔ፣ እግሩ የማን?

ለብሉ ሄሮን ሲጋራ ፋብሪካ ባለቤት
ለክቡር ሚስተር ቴልፌር
ኒውዮርክ፣ ማርች 9 ቀን 1887

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የሚሸጡትን ሲጋራ ራስዎ እንደማያጨሱት ስለሰማሁ፣ ደህና እንደሚሆኑ እገምታለሁ። እኔ ላቪኒያ ታትሂል፣ አሥራ ሁለት ዓመት በዚሁ ስም መድረክ ላይ የቆምኩ ተዋናይት ግን፣ በእርስዎ ቸርነት ትንባሆ በሚሸጥበት ሁሉ መታየት ከጀመርኩ ወዲህ ደህና አይደለሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ፓኮው እንዳይጨማደድ በሚከቱት ካርድ ላይ ፎቶዬን ስላተሙልኝ፣ ፈቃድ በመጠየቅም ስላላደከሙኝ አመሰግናለሁ። ከሥሩ የተጻፈው ግን «ሚስ ኮራሊ ቫንስ» ይላል። እንዲህ የምትባል ተዋናይት ጠይቄ፣ አጠያይቄ አጥቻታለሁ።

2ኛ. ፊቱ የእኔ ነው። በጥብቅ ሱሪ ተወጥሮ የሚታየው እግር ግን የእኔ አይደለም፤ ጉልበቴን አውቀዋለሁ። ባለቤቷም ይኼኔ እየፈለገችው ይሆናል።

3ኛ. ያነሳኝ ፎቶግራፈር ሚስተር ፕራይን፣ ፎቶዬ የሚታተምበትን ነጋቲቭ ለማንም እንዳልሸጠ ምሎልኛል። ምስክር ብሎ የጠራው የቲያትር ቤታችንን ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ክራንዶልን ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ! በክራንዶል መሳቢያ ውስጥ የእርስዎ ካርዶች ተከምረው አይቻለሁ፤ ሰውየው ደግሞ ሲጋራ አያጨስም። እኔ ምንም አላልኩም፤ አየሁ ብቻ ነው ያልኩት።

የሚቀጥለው ስለሚያንገበግበኝ ቁጥር አልሰጠውም። ወንዶቹ ካርዱን ይዘው ቲኬት መሸጫው ድረስ እየመጡ «ኮራሊ የታለች?» ማለት ጀመሩ። ክራንዶልም ጠርቶ «ስሚ፣ ሰዉ የሚፈልገው ኮራሊን ነው። እስከ ቅዳሜ ኮራሊ ነኝ ካላልሽ፣ ነኝ የምትል አላጣም» አለኝ። ስሜን እኮ ነው! አባቴ ያወጣልኝን፣ ባዶ አዳራሽ ፊት እየቆምኩ ያስከበርኩትን ስም! ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ በጨዋ ቋንቋ የምጨምረው የለኝም።

እንግዲህ እስከ ዓርብ ካርዱን ከገበያ እንዲያነሱልኝ፣ ወይም ስሜን በትክክል እንዲጽፉበት በትሕትና እለምናለሁ። ኮራሊ ሆኜ ከምወጣ ሥራዬን ባጣ ይሻለኛል።

ለቸርነትዎ ወሰን፣ ለድፍረትዎም ልክ ያጣሁት፣ ከአሥር ሲጋራ ጋር እንደ ምርቃት የተሰጠሁት፣

ላቪኒያ ታትሂል

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ልጅዎ ሚስ ሄስተርም ባለፈው ፋሲካ እዚያው ፕራይን ዘንድ ፎቶ ተነስታ ኖሯል። ታምራለች፤ እግዜር ይጠብቅልዎ። የእሷን ነጋቲቭ ይሸጥልኝ እንደሆነ ትናንት ጠየቅሁት። «አይሸጥም» አላለኝም። «ለየትኛው ፋብሪካ ነው?» አለኝ።