በስሜ የሚጠራው ክፍለ ጦር

የካቲት 27

ዝናብ። ጠዋት የቢራ ሾርባ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ የወታደር ጫማ ምርመራ። ግማሹ ውሃ ያስገባል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ጄኔራል ሥራው ይኼው ነው... ጫማ ማገላበጥ።

ምሳ ላይ ባለቤቴ ሄድቪግ፣ «የስንብት ጥያቄውን መቼ ነው የሚያቀርቡት?» አለችኝ።

«ከጸደይ ሰልፍ በኋላ።»

«ዓይንዎ ሰልፉን ይጠብቃል?»

የቀኙን ሞራ ሸፍኖታል። ግራው ጀምሯል። ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። ይመስለኛል።

ለምን ሰልፉን እጠብቃለሁ? «የታውቤኔክ ክፍለ ጦር» ተብሎ በልዑሉ ፊት ሲጠራ አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው ብዬ። የተሰናበትኩ ቀን ስሜ ይነሳል፣ የተተኪዬ ስም ይገባል። በዚህ ዕድሜ ይኼን መመኘት... ልጅነት ነው። አውቃለሁ።

መጋቢት 4

ሰልፉ ቀረ። ልዑሉ ክፍለ ጦሬን ለባሕር ማዶ ንጉሥ አከራይቶታል። ትእዛዙ ጠዋት ተነበበ። በሚያዝያ ጉዞ ነው፣ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ጦርነት።

የጉዞ ትእዛዝ ከተነበበ በኋላ ስንብት አይጠየቅም። ሕግ አይደለም፤ ከሕግ ይብሳል። የጠየቀ ፈሪ ነው፣ ልጁም የፈሪ ልጅ ነው።

ትናንት ብጠይቅ ኖሮ ሽማግሌ ነበርኩ። ዛሬ ብጠይቅ ፈሪ ነኝ።

ሄድቪግ ሹራቧን መሥራት ቀጠለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 5

እንቅልፍ የለም።

መጋቢት 12

የሜዳ ልምምድ። ጭጋግ። ልዑሉ ከእንግዶቹ ጋር ኮረብታው ላይ ሆኖ ያያል። ከፊቴ ጠፍጣፋ ግራጫ ሜዳ ታየኝ። «ወደፊት» አልኩ።

ሜዳ አልነበረም። የገዳሙ የዓሣ ኩሬ ነበር።

ከበሮው አልቆመም፤ ሰዎቹም አልቆሙም። እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ እስከ ደረት... ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው። እኔ ያወቅሁት በውሃው ድምፅ ነው። «ቁም» ስል ዘግይቼ ነበር። ዮስት ራይፍ ሰጠመ። ከወታደርነት በፊት በርሜል ይሠራ ነበር አሉኝ።

ምክትሌ ኮሎኔል ብሩክቪትዝ ፈረሱን አስጠጋ። «ክቡርነትዎ የወታደሮቹን ታዛዥነት ሊፈትኑ ነው ብዬ ለልዑሉ ነግሬያቸዋለሁ።»

«እሳቸውስ?»

«በጣም ተደሰቱ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ክቡርነትዎ?»

«ምኑ?»

«ተዉኝ እንጂ። ክረምቱን ሙሉ ባርኔጣዎን የሚያነሱት ለፈረሴ ነው። ፈረሴ ኮርቷል፤ ልይዘው አልቻልኩም።»

ሳቅሁ። ሬሳው ገና ከውሃ ሳይወጣ ሳቅሁ።

መጋቢት 13

ዮስት ራይፍን ቀበርን። ወንድሙ ማርክዋርድ እዚያው ክፍለ ጦር ውስጥ አሥር አለቃ ነው። ከቀብሩ በኋላ ቀጥ ብሎ ፊቴ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ፈተናውን አለፍን?»

«አለፋችሁ» አልኩት።

ሌላ ምን እላለሁ? ... ሌላ ማለት ይቻል ነበር።

መጋቢት 15

ብሩክቪትዝ እራት መጣ። ሐሳብ አለው። ባሕር ማዶ ከጎኔ አይለይም፤ እሱ ያያል፣ እኔ አዛለሁ። «ግራ ስል ግራ ይበሉ፣ ቀኝ ስል ቀኝ። ማንም አይነቃም።»

ሄድቪግ ድንች እያቀረበች፣ «እርስዎ የተመቱ ቀንስ፣ ኮሎኔል?» አለችው።

ድንቹን በላ።

መጋቢት 17

ልዑሉ ዘንድ ገባሁ። ስንብት ጠየቅሁ።

«ፈራህ?»

«አላይም፣ ልዑልነትዎ።»

«ጄኔራል ማየት የለበትም። የሚያዩለት ሞልተዋል።» ከዚያ ቆም አለ። «ኩሬውስ?»

«አላየሁትም ነበር።»

እንዲህ ሲከፋው አይቼ አላውቅም። «ለእንግዶቼ ሁሉ አውርቼዋለሁ እኮ! አሁን ምን ልበላቸው?»

ስለ ዮስት ራይፍ አልጠየቀም። እኔም አላነሳሁም። ለምን አላነሳሁም?

ስንብቱን ሰጠኝ፤ መለዮ መልበስ ግን ከለከለ። ለፈሪ የሚሰጠው ስንብት እንዲህ ያለው ነው። ደረጃውን ስወርድ ጸሐፊዎቹ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።

መጋቢት 26

ቤተ ክርስቲያን። አግዳሚው ላይ እኔና ሄድቪግ ብቻ። ስንወጣ ጡረተኛው ሻለቃ ግሮልማን ከኋላ፣ «ታውቤኔክ፣ ዓይንህ እንዴት ነው? ባሕሩ ከዚህ ታየህ?» አለ። ሰው ሳቀ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ በደህናው ጊዜ እኔም እስቅ ነበር።

ሚያዝያ 7

ማርክዋርድ ራይፍን ፍለጋ ወደ ሰፈሩ ሄድኩ። ዘቡ አላስገባም አለ፤ አስጠራልኝ። በሩ ላይ ቆመን ነገርኩት። ፈተና እንዳልነበረ፤ ኩሬው እንዳልታየኝ።

«እናውቃለን፣ ጌታዬ» አለኝ።

«ማን ማን?»

«ሁላችንም። ከገና በፊት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ገባችሁ?»

የሞኝ ጥያቄ የሆነበት መሰለኝ።

«ወደፊት አሉና።»

«ትናንሽ ልጆች እንኳ ውሃ ሲያዩ ይቆማሉ።»

«ልጆቹን ያሠለጠኗቸው እርስዎ አይደሉማ።» በቁጣ አልነበረም። እንደ ደከመው ሰው ነው የተናገረው። «ያኔ የጠየቅሁዎ... አላየሁም እንዲሉኝ ነበር። ለእናቴ የምነግራት እንዳገኝ።»

«አሁን ንገራት።»

«ከነገ ወዲያ እኮ እንሄዳለን። እርስዎ ይንገሯት።»

ሚያዝያ 9

ዛሬ ሄዱ። ቡናማ ኮት ለብሼ መንገድ ዳር ቆምኩ። «የብሩክቪትዝ ክፍለ ጦር!» ሲባል ሰማሁ። ያመኛል ብዬ ነበር። እግራቸውን ነው ያዳመጥኩት፤ አንድም የተሳሳተ የለም። ያ ነው ያመመኝ።

ከዚያ ከሄድቪግ ጋር ወደ ራይፍ እናት ተነሳን፤ መንደሯ ከወንዙ ማዶ ነው። ሠረገላው ከቤቱ በር አልደረሰም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ወርደን በእግር ሄድን። ከፊቴ አንድ ግራጫ ነገር ነበር... ውሃ ይሁን መሬት አልለየሁም። ቆምኩ።

«ሄድቪግ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

በሕይወቴ ከመራመዴ በፊት ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

«ድልድይ ነው» አለችኝ። «ጠባብ ነው። ክንዴን ይያዙ።»

ያዝኩ። ማዶ ላይ የሴትየዋ ውሻ ይጮህ ነበር።