አበባው ከፍ የሚልበት ቦታ

ማክሰኞ፣ ጥር 14። ጠዋት

መብራት የለም። ኪቦርዱ በባትሪ። የወ/ሮ ዘውዴ ልጆች ዛሬም ሳይለማመዱ መጡ። አውራ ጣት የት እንደሚያርፍ ለስንተኛ ጊዜ እያሳየሁ ዘፋኙ አበባው ደወለ። እሑድ ቡሬ ሰርግ ይዘፍናል። እሺ ልል ስል፣ ኪቦርድ ላይ ትዕግስት ናት አለ። የእኔ ትዕግስት፣ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርኳት። ዘጠኝ ዓመት ከኋላው ተቀምጬ ያጀብኩት እኔ። ሙሽሮቹ ወጣት ይሁን ብለው ነው አለ። የሙሽራ መግቢያው ግን ያንቺ ዜማ ነው አለ፤ ሊያጽናናኝ። ዜማው የእኔ፣ እጁ የሷ።

ቀናሁ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ማስታወሻዬ?

ሐሙስ፣ ጥር 16

ትዕግስት መጣች፤ አቮካዶ በፌስታል ይዛ። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። አበባው መግቢያውን ከየትኛው ድምፅ እንደሚያነሳው ጠየቀች። ትክክለኛውን ነገርኳት። ሌላ ማወቅ ያለብኝ አለ ወይ አለች። የለም አልኩ።

አለ እንጂ። ሙሽራዋ ደጃፍ ደርሳ እልልታው ሲቀልጥ፣ አበባው ሳያስበው ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ልምምድ ላይ አድርጎት አያውቅም። ራሱም አያውቀውም። እኔ ግራ እጄን ልኬ አንዲት ቁልፍ እጫንና ኪቦርዱን አብሬው ከፍ አደርገዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ማንም አላየኝም። ሰርጉን ትውሰድ። ያችን ቁልፍ ግን ለምን ልስጣት?

አቮካዶውን አልነካሁትም።

እሑድ፣ ጥር 19። ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ

የሙሽራዋ አክስት ጎረቤቴ ናት፤ ስለጠራችኝ ሄድኩ። ውሸት። ትዕግስት ስትሳሳት ለማየት ሄድኩ።

ሙሽራዋ ዳሱ ደጃፍ ደረሰች። እልልታ። አበባው ግማሽ ድምፅ ወጣ፣ ኪቦርዱ ታች ቀረ። ጆሮ የሚያስይዝ። ሰው ዞሮ አየ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ትዕግስት ሁለት እጇን አነሳች። ቁልፎቹን እየነካካች ድምፁን አልፈለገችም። ማጨብጨብ ጀመረች። ከበሮው ተከተላት፣ ዳሱ በሙሉ ተከተላት። አበባው በጭብጨባ ብቻ ዘፈነ። ከዚያ በኪቦርዱ ገባች፤ እዚያው ከፍ ያለበት ላይ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሡ። ዜማዬ በእኔ እጅ እንዲህ አምሮ አያውቅም።

ሲያበቃ መጣች።

«ቲቸር፣ ሲጠፋብሽ አትፈልጊው፣ እጅሽን አንሺና ሰውን ስሚው ይሉኝ አልነበር? እሱ ነው ያወጣኝ።»

ብያለሁ? ልጅ ሳለች ይሆናል። ረስቼዋለሁ።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «ከፍ እንደሚል ያውቁ ኖሯል?»

አላውቅም አልኳት። ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ትከሻዬ ላይ የተንሸራተተውን ነጠላ መልሳልኝ ሄደች።

ሰኞ፣ ጥር 20። ጠዋት

አበባው ደወለ። የግሽ ዓባዩንም ሰርግ ለሷ ሊሰጥ ነው። ቅር ይልሽ ይሆን አለ። ይለኛል አልኩና ዘጋሁ።

አሁንም እቀናለሁ። በአንድ ሌሊት የሚለቅ አይደለም። ተማሪዎቹ እስኪመጡ አንዱን አቮካዶ ቆርጬ በላሁ። በስሏል።

አበባው ከፍ የሚልባቸው ዘፈኖች አራት ናቸው። ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፤ ቁልፏንም ጭምር። እሰጣታለሁ። መጀመሪያ ግን አውቅ ነበር ማለት አለብኝ። ወረቀቱን ብቻ ብልክላት ይቀለኝ ነበር። አይሆንም፣ በአፌ።

ደወልኩ። እየጠራ ነው። ባታነሳ ምናለ።

አነሳች፣ አቤት ቲቸር አለች፣ እኔም አውቅ ነበር አልኳት።