የጊቤው ሙሽራ

ወልቂጤ፣ ኅዳር 1997 ዓ.ም.

ውድ ሙባሪክ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሦስቱም “እንደምን ከርመሃል” ብለው ነበር የሚጀምሩት። እንደምን እንደከረምክ ግን አውቃለሁ። ከቡታጅራ የመጣ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። ፎቶ ቤት አልከፈተም፤ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ይለካል፤ ካሜራ ሲያይ ተነስቶ ይወጣል።

የጋሽ ደበሌን እግር የሰበረው አንተ ድንጋይ የወረወርክበት ጉማሬ አልነበረም።

ይኸው። ጻፍኩት። አሁን ቀዶ መጣል የለም።

አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁዳዴ ገብቶ፣ ሰርግ ቆሞ፣ እዚህ የነበረው ፎቶ ቤትህ ባዶ የሚውልበት ወቅት ነበር። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ጉማሬ በበጋ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ በቀረው ጥልቅ ውኃ ተሰብስቦ እንደሚራባ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ በዓይኔ ግን አላየሁም። አንተ ካሜራ አለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ አይሱዙ ላይ ተጭነን ወደ ጊቤ እንወርድ ጀመር። ጋሽ ደበሌም ከበርበሬ ማሳው በታች ያለውን የሾላ ጥላ ለቀቀልን።

“ቀና በል እንጂ ጌታው! አገጭ ዝቅ!” ትለው ነበር ጆሮው የተሰነጠቀውን ትልቁን ወንድ ጉማሬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ፣ “ሙሽራው ዛሬ አኩርፏል፣ ቲቸር።” ዳር ዳሩን የሚያንዣብቡትን ወጣት ወንዶች ሚዜዎች አልካቸው። ሙሽራው ፋንድያውን በጅራቱ እየበተነ ሲያባርራቸው፣ “ኧረ ሚዜ እንዲህ አይስተናገድም!” ብለህ ሆድህን ይዘህ ሳቅህ።

አንድ ቀን ሙሽራው አንዷን ሴት ውኃ ውስጥ ተጫናት። አፍንጫዋ ብቻ ብቅ ይላል፣ ትተነፍሳለች፣ ትጠልቃለች። ካሜራህን ዝቅ አደረግህ።

“አንሳ እንጂ! የመጣነው ለዚህ አይደል?”

“ወላሂ አላነሳም። ጫጉላ ቤት ገብቼ አንስቼ አላውቅም።”

በጣም የወደድኩህ ያን ቀን ይመስለኛል። እሱንም አልነገርኩህም።

የመጨረሻው ቅዳሜ። ሙሽራው አፉን እንዲከፍት ድንጋይ ወረወርክ። ድንጋዩ ፊት ለፊቱ ውኃው ላይ አረፈ። አፉን ከፈተ፤ አነሳኸው። ሠላሳ ስድስተኛዋ ነበረች፤ ፊልሙ አለቀ። ብርሃን እንዳይገባ ጃኬትህን ጭንቅላትህ ላይ ጥለህ አዲስ ፊልም ማጉረስ ጀመርክ።

ያየሁትን ያላየኸው ለዚህ ነው።

ጋሽ ደበሌ ጀሪካኑን ይዞ በታች በኩል ወረደ። ሳሩ ውስጥ የተኛውን የጉማሬ ግልገል አላየውም። በግልገሉና በእናቱ መካከል ገባ። እሷ ድምፅ ሳታሰማ ነው ከውኃው የወጣችው። ጊዜ የወሰደ አይመስለኝም፤ ሆኖም ዛሬም ድረስ አላለቀም።

አንተ የሰማኸው ጩኸቱን ብቻ ነው። ጃኬቱን ስትገፍ እሷ ተመልሳ ጠልቃ ነበር። ሁካታው የቀሰቀሰው ሙሽራ ዳሩ ላይ ቆሟል።

“እሱ ነው? ድንጋዬ ነው ያስቆጣው?” አልከኝ።

ቃሬዛ ስንፈልግ፣ ስንሸከም፣ ለመናገር ጊዜ ያጣሁ አስመሰልኩ።

በሦስተኛው ቀን የአካባቢው ሰዎች ጠመንጃ ካለው ሰው ጋር መጡ። “አስተማሪ፣ አንተ እዚያ ነበርክ። የቱ ነው?” እናትየው ከሞተች የሚጠባው ግልገል ይሞታል። ወንድ ይተካል፣ እናት አትተካም ብዬ አሰላሁ። አጥበህ የሰጠኸኝን የሙሽራውን ፎቶ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እጅ በእጅ ተቀባበሉት። “እንዴት ያለ ጥርት ያለ ፎቶ ነው! ጆሮው እንኳ ይታያል” አሉ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ፎቶው ስለጠራ ነገሩም የጠራ መሰላቸው።

ተኩሰው ሲጥሉት አጠገቤ ነበርክ። በዚያው ሳምንት ፎቶ ቤቱን ዘጋህ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁህ። ሻንጣህን ለረዳቱ ወደ ጣራ አቀበልኩ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። መኪናው ሄደ።

የተረፈውን ደግሞ ብቻዬን አየሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከድልድዩ በታች ሌላ ወንድ ጉማሬ መጣ። ቦታውን ያዘ። ግልገሉን ነክሶ ገደለው። አዲስ ገቢ ወንድ የቀደመውን ልጆች አንዳንዴ እንደሚገድል በማስተምርበት መጽሐፍ ላይ አልነበረም። እናትየው ሬሳውን በአፍንጫዋ እየገፋች ሁለት ቀን ዋለች። ውሸቴ ያተረፈው አንድም ነገር የለም፣ ሙባሪክ። አንተንም አሳጣኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ደበሌ ቤት ሄድኩ። በርበሬ እየለቀመ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ቀና ሳይል፣

“እሷ እንደሆነች መቼ ጠፋኝ” አለኝ። “እላዬ ላይ ቆማ ጡቷን አይቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“ማን ጠየቀኝ? እኔ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። እናንተ ፎቶ ነበራችሁ።”

ጥቂት ለቀመ። “ያ ፎቶ አንሺ ያውቃል?”

“አያውቅም። በእኔ ድንጋይ ነው ብሎ ነው የሄደው። ሥራውንም ትቷል።”

ያን ጊዜ ቀና አለ።

“አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቀኝ ያልመጣው ንቆኝ ነው ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ተቀይሜዋለሁ! እኔን የሰበረኝ አውሬ ነው። እሱን የሰበርከው አንተ ነህ፤ ያውም ፊደል የቆጠርከው።”

ይቅርታ ብዬ ብጽፍ በደብዳቤ ማምለጥ ይመስለኛል፤ ስለዚህ እዚህ አልጽፈውም። ፊትህ ቆሜ እለዋለሁ።

እሁድ ሁለት መኪና ቀይረን እንመጣለን። አብሬህ እሄዳለሁ ያለው ራሱ ጋሽ ደበሌ ነው፤ እኔ አልለመንኩትም። እኔን ማየት ባትፈልግ ይገባኛል፤ ውጭ እቆያለሁ። እሱን ግን አስገባው። ከመናኸሪያው በእግር ነው የምንመጣው፤ ስለሚያነክስ ትንሽ ብንዘገይ ቀሩ ብለህ ሱቁን እንዳትዘጋ።

ስምዖን