የሳማ ውኃና የሂልዳ ባሮ ሽንኩርት

ማክሰኞ፣ ጁን 3

በዚህች ምድር ላይ እንደ እኔ የተበደለ ሰው ይኖር ይሆን? ሎርና ስቶኪንጎቿን ከለከለችኝ። የእኅቴ ልጅ! በትከሻዬ ተሸክሜ ያሳደግኳት! ያውም አሮጌዎቹን ነው የለመንኳት። የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ታዲያ በምን ላጥልል? በሻይ ማጥለያ ካጠለልኩት ፍርፋሪው አልፎ የመርጫዬን አፍ ይደፍናል።

«አጎቴ፣ ባለፈው የወሰድከው እኮ ያልተቀደደ ነበር።»

«አሁን ተቀዷል።»

በሩን ዘጋችብኝ። በራሴ ካልሲ አጠለልኩት። የታጠበ ነው... መሰለኝ። ጽጌረዳዬ ላይ የነበረው ቅጠል መጣጭ ክሽክሽ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። በነጭ ሽንኩርቱ ይሁን በካልሲው፣ እሱን አልመረምርም።

እሑድ፣ ጁን 8

ቤት የለሾቹ ቀንድ አውጣዎች ሰላጣዬን ሊጨርሱት ነው። ትናንት የተረፈኝን ቢራ ጣሳ ውስጥ ጨምሬ እስከ አፉ ቀበርኩት። ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሰክረው ሰጥመዋል። አጥር ላይ የተደገፉት ሥራ ፈቶች «ከዊልፍ ጋር የጠጣ መጨረሻው ይኸው ነው!» አሉኝ። ዝኩኒዬ ላይ ለወጣው ነጭ የሻጋታ አመዳይ ደግሞ ወተት በውኃ አቅጥኜ ረጨሁ። አሁን የመንደሩ ድመት ሁሉ ቅጠል ይልሳል።

የእኔስ ደህና ነው። የሚያበሳጨኝ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ነው... የማቲ መደብ። አረሙ ጉልበት ደርሷል። ሚስቱ ሂልዳ፣ ባሮ ሽንኩርቶቿን ኤፕሪል ላይ ተከለች፤ በዚያው ሳምንት አረፈች። ማቲ ከቀብሩ ወዲህ ደጅ አልታየም። ዘሩን ከአባቷ ነው የወረሰችው፤ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ለእኔም። ስንት ዘመን እንደለመንኳት! እዚያ መደብ ላይ ካለቀ ሌላ የትም የለም።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ማቲ ቤት ሄድኩ። አይከፍትም። በርከክ ብዬ በሩ ላይ ባለው የፖስታ ቀዳዳ ጮኽኩ።

«ማቲ! ሽንኩርቶችህ ከትንሿ ጣቴ ቀጥነዋል!»

ዝም።

«ዘንድሮ የባሮ ሽንኩርት ውድድሩን ዋንጫ በግራ እጄ ነው የምወስደው!»

ድሮ ይህን ስለው አካፋ ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ያባርረኝ ነበር።

«ማቲ፣ ክሽክሽ ወርሯቸዋል። የሂልዳ ናቸው እኮ።»

ከውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። «ይሙቱ በቃ፣ ዊልፍ።»

ከሰል ማዕድን ከቆፈርንበት ጊዜ ጀምሮ አብረን የኖርን... እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

እሑድ፣ ጁን 15

ገባሁ።

በእኛ የአትክልተኞች ክበብ ሰው ብትሰድብ ይቅር ይባላል። የሰው ባሮ ሽንኩርት መደብ ባለቤቱ ሳይኖር ብትረግጥ ግን አለቀልህ። ከውድድሩ በፊት ሹልክ ብሎ ገብቶ የባላንጣውን ሽንኩርት በቢላ የሚቆራርጥ ክፉ አይጠፋም። ስለዚህ እዚያ የተገኘ ሰው ከክበቡ ይሰረዛል፣ መሬቱንም ይነጠቃል። ዋና ጸሐፊዋም ማን ናት? የስቶኪንጓ ባለቤት።

ሁሉም የእሑድ ምሳ ጥብሱ ላይ ሲቀመጥ ጠብቄ ነው የገባሁት። ሳሙና በውኃ፣ ከቅጠሉ በታችም በላይም። ደመና መሆኑ በጀ፤ በፀሐይ ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ሥራዬን ጨርሼ ዱካዬን በመጥረጊያ አጠፋሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ሆንኩ... ደስ ሲል!

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

ክሽክሹ ጠፍቷል። አሁን ቀለብ ያስፈልጋቸዋል። በርሜል ውስጥ የዘፈዘፍኩት ሳማ ከሳምንት በፊት ደርሶልኛል። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ሎርናን ከበሩ ላይ መለሳት።

«አጎቴ፣ ምን ሞቶብህ ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«ለቀባሪዎች?»

ለእኔዎቹ አንድ ባልዲ፣ ለሂልዳዎቹ ሁለት። ትናንትም ሁለት። የሚያምር አረንጓዴ! እንደ ሕፃን ክንድ ለስለስ ብለው ፋፍተዋል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

ዋግ። የሂልዳዎቹ ላይ። ቅጠሉን ነካሁት፣ ብርቱካናማው ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። የእኔዎቹ ንጹሕ ናቸው። ለምን?

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ሎርናን በዘዴ ጠየቅኳት።

«አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ባሮ ሽንኩርቱን ዋግ መታው።»

«ወዳጅህ ምን ሲያበላው ነበር?»

«ትንሽ የሳማ ውኃ።»

«ትንሽ?»

«ማለቴ... በፍቅር።»

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «ለወዳጅህ ንገረው። ጉርሻ አብዝቶ ቅጠሉን አለስልሶታል። ዋግ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። እናንተ ሽማግሌዎች ሽንኩርት በረሃብ ሲሞት አይታችሁ አታውቁም፣ በጥጋብ ነው የምትገድሉት።»

እውነቷን ነው። እዚህ መንደር ቡችላ እንኳ እንዲህ አይቀለብም። እንግዲህ የሳማው በርሜል ተዘጋ። የታመመውን ቅጠል ለቅሜ ራቅ ወዳለ ቦታ ወስጄ አቃጠልኩ። ሥሩ ላይ የእንጨት አመድ። በነጭ ሽንኩርት ውኃ መርጨት። ውኃ ሲጠጡም በጠዋት፣ ከሥር ብቻ፣ ቅጠል ሳይነካ። ዋግን ይፈውሳል ብዬ አልምልም። ብቻ ለአዲሱ ቅጠል እንዳይደርስ...

ሂልዳ ከላይ ሆና ታየኝ ይሆን? ካየችኝማ አለቀልኝ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ተያዝኩ። የማቲ መደብ ውስጥ በርከክ ብዬ፣ መርጫ በአንድ እጄ፣ ቢላ በሌላው። ቅጠል ልቆርጥበት ነበር! ከጀርባዬ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ።

«አጎቴ። ወዳጅህ አንተ ነህ ማለት ነው።»

«ሎርናዬ፣ አላየሁም በይ።»

«ብቻዬን አይደለሁም እኮ።»

ዞር ስል አጥሩ ላይ ተሰልፈዋል፣ ሥራ ፈቶቹ በሙሉ። አንዱም አልሳቀ። ሁሉም የሚያዩት ቢላዬን ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21

ስብሰባ። ሎርና ሕጉን አነበበች። ልነሣ ስል «ተቀመጥ፣ ተከሳሽ ነህ» አለችኝ። የእኅቴ ልጅ!

ሕጉ ይቅር ማለት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው ይላል፣ ያውም በገዛ አፉ። ማቲ ቤት ሄዳ ሁሉንም ነግራዋለች። ክሽክሹንም፣ ሳማውንም፣ ዋጉንም። ሰማና በሩን ዘጋ፣ አለች። ዛሬም አልመጣም። ብይኑ ይህ ነው፦ ወደ ውድድሩ አዳራሽ አልገባም። ውድድሩ እስኪያበቃ ማቲ በአፉ ይቅር ካላለኝ መሬቴም ይሄዳል።

ከስብሰባው በኋላ ሎርና ክንዴን ያዘችኝ። «ዋጉ እንዴት ሆነ?» አለች በሹክሹክታ። መደቡ ውስጥም መግባት ተከልክያለሁ፣ በምን ልወቅ?

«ጠዋት ጠዋት አንቺ አጠጪያቸው።»

«ጸሐፊዋን ሕግ አፍርሺ ነው የምትለኝ?»

«ከሥር ብቻ። ቅጠል እንዳትነኪ።»

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ሎርና ሻይ ልትጠጣ መጣች። ጫማዋ ላይ አመድ አለ። ምንም አልጠየቅኩም። ስትወጣ ብቻ «የመሃሉ ቅጠል ንጹሕ ነው» አለችኝ።

ዘሩ ተረፈ። ግን ሽንኩርት ክረምቱን ቆሞ አናቱ ላይ ቡቃያ ካላወጣ ዘር አይሆንም። በመጪው ዓመት ቡቃያውን የሚለቅም ማን ነው? እኔ እዚያ የለሁም። እሱ ደግሞ...

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

የውድድሩ ቀን። መንደሩ ባዶ ነው። ከአዳራሹ የነሐስ ባንዱ ይሰማል፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አንዱ ጥሩምባ ወደኋላ ቀርቷል። የእኔዎቹን አልነቀልኩም። ምን ያደርጉልኛል? እንቁላል ጠበስኩ፣ አልበላሁትም። ሎርና ስትወጣ ግንባሬን ሳመችኝ። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። መሬቴ የእኔ የሚሆነው እስከ ማታ ነው።

ደግሞ ይሄ ማነው በሩን የሚደልቀው? ሰው ሁሉ አዳራሽ ነው...

ማቲ ነው። እያንኳኳ አልነበረም፣ በእግሩ ነበር የሚመታው። እጆቹ ተይዘዋል። የሠርግ ሱፉን ለብሷል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በሁለት ክንዶቹ ሁለት ባሮ ሽንኩርት አቅፏል፣ ሥራቸው አፈር ያንጠባጥባል። ከስቷል። ጢሙን የተላጨው በችኮላ ነው።

«ሌሎቹን ለዘር ትቻቸዋለሁ» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

እንዲገባ ከበሩ ፈቀቅ አልኩለት።

«ሂልዳ ብታይህ በአካፋ ነበር የምትልህ። ሳማ ሁለት ባልዲ? ደደብ!»

«ማቲ...»

«ዳኞቹ ገብተዋል፣ በአዳራሹ የምናገረውም አለኝ። ዝም ብለህ አትገተርብኝ፣ ዊልፍ። አንዷን ያዝልኝ።»