አንድ አድራሻ ለሁለት ሳጥን

ውድ ወንድሜ፣

ይህን የምጽፍልህ ሱቅ ውስጥ፣ የመነጽር መስተዋት ከምሞርድበት ማሽን አጠገብ ተቀምጬ ነው። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ደንበኛ የለም። በስልክ ብነግርህ ይሻል ነበር፤ ግን አንተና እኔ በስልክ የምናወራው እኛ ቤት ስላስቀመጥከው የፋይል ሳጥን ብቻ ሆኗል። "መብራቱ አረንጓዴ ነው ብርቱካናማ?" ትለኛለህ። "ብርቱካናማ" እልሃለሁ። ትቆጣለህ፤ ወዲያው ስብሰባ ይጠራሃል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ልጨርሰው ብዬ ነው። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም፤ ብትቆጣም አልሰማህ።

አስቀድሞ ልብህ ይረፍ፦ ማስጠንቀቂያው ቆሟል። የሥራ ፋይሎችህ በየቀኑ በሰላም እየገቡ ነው፤ ከንድፎችህ አንድም የጠፋ የለም። ይህን ብቻ ለማወቅ ከሆነ የምታነበው እዚህ ላይ ማቆም ትችላለህ። ባታቆም ግን ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው መልእክት ስልኬ ላይ ሲመጣ ሱቅ ነበርኩ። "የዚህ ሰርቨር አድራሻ በሌላ መሣሪያ ተይዟል" ይላል። አድራሻ ሲል የቤታችን መስሎኝ፣ ሌላ ሰው ገብቶ ሳሎናችን የተቀመጠ ያህል ክው አልኩ። ስደውልልህ ሳቅክብኝና አስረዳኸኝ። ቤት ውስጥ ኔትወርኩ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው፤ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ፎቶና ፋይል የሚጠብቀው ያንተ ጥቁር ሳጥንም። ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ከያዘ ግን ሁለት በር ላይ አንድ የቤት ቁጥር እንደ መለጠፍ ነው፤ የተላከው ዕቃ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እየሄደ ይጠፋል።

"ቀላል ነው እትዬ፤ ሌላኛውን ፈልጎ መንቀል ነው" አልከኝ።

ቀላል! ማታ ገብቼ ባይ ምንም የለም። ቅዳሜና እሁድ ቤት ስውል ጸጥ ይላል። ሰኞ ሥራ ስገባ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ይጮሃል። እንደ ደንበኛ ቀጠሮ እኔን ከቤት መውጣት ይጠብቃል። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ገመዱን ቀየርኩ። ወንበር ላይ ቆሜ ከመደርደሪያው ጀርባ እጄን ሰድጄ፣ ስልኩን በአገጬ ይዤ ያንተን ትእዛዝ ስፈጽም አንገቴ ተጣሞ ቀረ። ያው ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ ነው።

መልእክቱ የሌላኛውን መሣሪያ የፋብሪካ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ "ይህ ቁጥር የተጻፈበትን ዕቃ ፈልጊ" አልከኝ። ማተሚያውን ገለበጥኩት፤ የሳሎኑን ቴሌቪዥን ጀርባ አየሁ፤ የራሴን ስልክ ሳይቀር መረመርኩ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል።

"ምን ጠፋሽ?" አሉኝ።

"ቁጥር ነው አባባ።"

"የምን ቁጥር?"

"እኔም በቅጡ አላውቅም።"

"እንግዲያው ስታገኚው እንዳታልፊው" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

የኢንተርኔት ድርጅቱም ባለሙያ ላከልኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ። "ችግሩ ከውጭ አይደለም፣ ከቤት ነው" አለኝና ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ያኔ ነው አንተ ጎረቤታችንን የጠረጠርከው። ፎቅ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ምሳ ሰዓት ወርዳ አባባን ታበላልኛለች፤ ስልኳም በእኛ ዋይፋይ ነው የሚሠራው። ሰዓቱም ይገጥማል። እንዴት አድርጌ እንደጠየቅኳት ሳስበው እስካሁን ፊቴ ይቀላል።

"የኔ እህት፣ እንዲያው ስልክሽ የእኛን አድራሻ ወስዶ ይሆን?"

መርፌዋን ከአፏ አወጣች። "እኔ? አድራሻ ልሰርቅ? የራሴ በር ቁጥር ወድቆ ዕቃ የሚያመጡልኝ ሰዎች ጣሪያ ላይ ሲንከራተቱ ይውላሉ፤ ደግሞ የናንተን ወስጄ የት ልለጥፈው?" ሳቀች። ቆይታ ግን ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። "ኮዱን ከዚህ አጥፊልኝ። በዚህ ምክንያት ሆድና ጀርባ አንሆንም።" አጠፋሁት። በማግስቱ ማስጠንቀቂያው መጣ። እሷ ግን ምሳውን ሳታጓድል ወረደች፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ንድፍህን እየላክህ ሳለ ሳጥኑ መሃል ላይ ጠፋብህ፤ አለቃህ ፊት ተዋረድክ። ደውለህ "ቤት ውስጥ ሆነሽ አንድ ዕቃ መጠበቅ እንዴት ያቅትሻል?" አልከኝ። ያን ጊዜ ያልመለስኩልህን አሁን ልንገርህ። ጠዋት ተነስቼ አባባን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ እዚህ እመጣና ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን እሞርዳለሁ። ተመልሼም ያው ነው። ወንድሜ፣ ደክሞኛል። ይህን ቃል በስልክ ብናገረው ድምፄ ስለሚሰበር ነው ያልነገርኩህ። እንዲህ ተጽፎ ሲታይ ደግሞ ምንም አይመስልም።

በማግስቱ መልእክቱ እንደመጣ ለባለሱቁ "አባቴን ልይ" ብዬ ወጣሁ። አባባ እንዳይደነግጡ በሩን በቀስታ ከፈትኩት። ልብስ ሰፊዋ አብልታቸው ወጥታለች። ከመኝታ ቤታቸው ድምፅ ይሰማል፤ ያ አስተማሪ ሳሉ የነበራቸው የክፍል ድምፅ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ስም ይጠራሉ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ከትንሿ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኗ ላይ የአክስታችን ፎቶ አለ። ስሟን ጠሩ። "የባለቤቴ ታናሽ። ሳቂታ ነበረች። አርፋለች" አሉና ወደ ሌላው ፎቶ አለፉ። የአጎታችንን ስም ጠሩና ትንሽ አሰቡ። "ወንድሜ። ከእኔ ይረዝማል። አለ።" ቀጥሎ እኔ መጣሁ። "ትልቋ ልጄ። መነጽር ቤት ትሠራለች። አለች።" በጎናቸው ዱካ ላይ አሮጌው ግራጫ ሳጥን እንደ ንብ እያዜመ ተቀምጧል። አዲሱን ስታመጣ ጠቅልለህ ቁም ሣጥን ውስጥ የከተትከው፣ "ማንም እንዳይነካው" ያልከው ሳጥን ነው።

ቀጥሎ አንተ መጣህ። ኳስ በብብትህ ይዘህ፣ ጉልበትህ ተልጦ። ስምህን ጠሩ። ጠበቁ። ደግመው ጠሩ።

"የለም" አሉ። "ዛሬም ቀርቷል።"

እኔ እዚያ ላይ አልቻልኩም፤ ድምፅ አሰማሁ መሰለኝ። ዞር ብለው ሲያዩኝ ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ ተሸማቀቁ።

"ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። እንዳልነካው አዞኝ ነበር። ሳትመጪ ነቅዬ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።"

"ፎቶዎቹ እኮ አዲሱም ላይ አሉ አባባ።"

"አሉ። በዓመተ ምሕረት ተደርድረዋል። ዓመት ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ሰው ነው። እናትሽ እያንዳንዱን ለብቻው ፎልደር ከፍታለት፣ ማን የማን እንደሆነ ከሥሩ ጽፋለታለች። አዲሱ ላይ ጽሑፏ የለም።"

እውነታቸውን ነው። አንተ ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ ስታዛውር ማሽኑ በቀን ሰደራቸው፤ የእማዬ ጽሑፍ አልተሻገረም። አልከስህም፤ እኔም አላስተዋልኩም ነበር። ማናችንም የማን ልጅ መሆናችንን ለማወቅ ጽሑፍ አያስፈልገንማ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሳጥኑን እያዩ "ሐኪሙ ያላችሁን ሰምቻለሁ" አሉኝ። "ኮሪደሩ ላይ ስትንሾካሾኩ ጆሮዬም አብሮ የሄደ መስሏችኋል። አንድ በአንድ ይሄዳሉ አለ አይደል፣ ሰዎቹ? ታዲያ ቁጭ ብዬ ልሸኛቸው? በየቀኑ እጠራቸዋለሁ። የሚጠራ ተማሪ ቶሎ ክፍል ለቆ አይጠፋም።" ቆይተው ደግሞ ተማረሩ። "ሥዕሉ ብቻ መሃል ላይ እየተቆረጠ አስቸገረኝ። ከወዲያ በኩል የሚሻማኝ ነገር አለ።"

ሳቄና እንባዬ ባንድ ላይ መጣ። "እኛ ነን የምንሻማዎት አባባ" አልኳቸው።

ሳጥኑን ገልብጬ አየሁት። ስፈልገው የከረምኩት ቁጥር አንድም ሳይዛነፍ እዚያ አለ። የሆነውን አሁን አንተ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ። የአባባ ቴሌቪዥን ፎቶ የሚፈልገው በአሮጌው ሳጥን አድራሻ ነበር። አንተም ቴሌቪዥኑን እንደገና ላለመነካካት ብለህ ለአዲሱ ያንኑ አድራሻ ሰጠኸው። ብልሃትህ ጥሩ ነበር፤ አሮጌው ዳግመኛ ይነሳል ብሎ ማን አሰበ? አባባ ሲሰኩት ሁለቱም "ይህ ቁጥር የእኔ ነው" ይላሉ። እሳቸው ሥዕል ይቆረጥባቸዋል፤ አንተ ንድፍ ይጠፋብሃል፤ እኔ መሃል ቤት ሁለታችሁንም ሳስታምም እከርማለሁ።

አልደወልኩልህም። አባባ የእጅ ባትሪ ይዘውልኝ፣ አንተ ድሮ ያሳየኸኝን እያስታወስኩ ለአሮጌው ሳጥን ሌላ ቁጥር ሰጠሁት፤ ለቴሌቪዥኑም አዲሱን ቁጥር ነገርኩት። ዱካው ላይ እንዳለ ቋሚ ቦታ ሰጠሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥዕሉ አልተቆረጠም፤ ስልኬም አልጮኸም። ለልብስ ሰፊዋም ኮዱን መልሼ አስገባሁላት። "ሌባው ተያዘ?" አለችኝ። "ተይዟል፤ አስተማሪ ነው" አልኳት።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ። ባለፈው በቪዲዮ ስትደውል አባባ ስልኩን ዘጉብህ። አንተም "እስካሁን ይቅር አላሉኝም" አልክ። እማዬ በተቀበረች ማግስት ወደ ሥራህ ስለተመለስክ የተናገሩህን እያሰብክ ነው። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ እሳቸው አትጠይቀኝም። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ቂም መስሎኝ ነበር። እዚያው አልጋ ላይ ተቀምጬ ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ ልጅዎ ሲደውል ለምን ዘጉበት?"

"ልጄ መቼ ደወለ?" አሉ ተገርመው። "አንድ ጺማም ሰውዬ ደውሎ 'አባባ' አለኝ። አጭበርባሪ ነው ብዬ ዘጋሁበት። በስልክ የሚያታልሉ በዝተዋል ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ይኸው ነው፣ ወንድሜ። ቂም የለም። ያንተ ፎልደር ውስጥ የመጨረሻው ፎቶ ያ ኳስ የያዝክበት ነው፤ ከሥሩ እማዬ "ትንሹ ልጃችን፣ ነገር የማይገባው ግን ልቡ ንጹሕ" ብላ ጽፋበታለች። ከዚያ በኋላ አንተም ሩቅ ሄድክ፣ እሷም አረፈች፤ የጨመረበት ሰው የለም። እሳቸው በየቀኑ የሚጠሩት ያን ልጅ ነው። መላጣና ሽበታም ሆኖ ይመጣል ብለው አይጠብቁትም።

አሁን ከላክህልኝ ፎቶ አንዱን ጨምሬበታለሁ፤ እንደ እማዬም ከሥሩ ጽፌያለሁ። መጀመሪያ ሲያዩህ "ይኼ ደግሞ የማን አባት ነው?" አሉ። አንዳንድ ቀን ያገኙሃል፤ አንዳንድ ቀን ያልፉሃል። ሲያገኙህ ግን ድምፃቸው ይለወጣል።

ስለዚህ ና። ሳጥን ለመጠገን አይደለም፤ ሳጥኑ ደህና ነው። ፎቶም አትላክልኝ፣ በቅቶኛል። ፈቃድህን ሰብስበህ ና፤ ጥቂት ሳምንት ጠዋት ጠዋቱን ተቀበለኝና እኔ እንቅልፌን ልተኛ። ይህን ከአንተ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

ስትመጣ ታዲያ በር ላይ ቆመህ እስኪለዩህ አትጠብቅ። ዘለህም አትቀፋቸው፣ ይደነግጣሉ። አስቀድመህ ስምህን ተናገር፤ "ትንሹ ልጅዎ ነኝ" በላቸው። ቅር አይበልህ፤ ሰው በዚህ አይዋረድም። እኔ አብሬያቸው እየኖርኩ፣ በየማለዳው መጋረጃውን ከመክፈቴ በፊት "ትልቋ ልጅዎ ነኝ አባባ፣ ነግቷል" ብዬ ነው የምገባው።

በናፍቆት፣
እህትህ