ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም

ጅማ፣ አወቱ መንደራ
ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ናዝራዊት! አዎ፣ አንቺን ነው። ስልኩን ወደ ጎን እንዳታደርጊው። «አባዬ ደሞ ጀመረው» እያልሽ እንደሆነ ከዚህ ይታየኛል። ጀምሬዋለሁ። ጄኔቭ ብትሆኚ ጨረቃ ላይ ብትሆኚ የዓምደሚካኤል ልጅ ነሽ፤ ቁጭ በይና አንብቢ።

ውዷ ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ለናዚ አቮካዶ በመንገደኛ ካልላክሁ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ሦስት ቀኗ። «እታገኝ፣ እዚያ አገር አቮካዶ አለ» ብላት «እሱን አቮካዶ ትለዋለህ? ሳሙና ነው!» አለችኝ። የት ቀምሳው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ጉልበቴም ደህና ነው። እናትሽ ሌላ ነገር ብትልሽ አትስሚያት።

እኔ ያው እዚያው ነኝ። ፍርድ ቤቱ በር፣ ከዛፏ ሥር፣ ጃንጥላዬና ጠረጴዛዬ። ማመልከቻ በአማርኛ፣ ማመልከቻ በኦሮምኛ፣ እንዳመጣጣቸው። ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ደፈንኩ። ከስምንተኛ ክፍል የወጣ ሰው አንቀጽ በቃሉ ሲጠራ ሲሰሙ ጠበቆቹ አሁንም ይናደዳሉ፤ እኔን ደግሞ እሱ ነው ዕድሜ የሚጨምርልኝ። ፎቶሽም ነበረች ጠረጴዛዬ ላይ። ያቺ የዛሬ አራት ዓመት መንግሥት ከአንድ የውጭ ተቋም ጋር ውል ሲፈራረም የተነሳሽው፣ ከትልልቆቹ ሰዎች ኋላ ፋይል አቅፈሽ የቆምሽበት። ባለጉዳይ ሁሉ ሳይጠይቅ ይነገረዋል፤ «ይቺ ልጄ ናት፤ ከዓለም ጋር የምትደራደረው እሷ ናት!»

አሁን ወደ ክሱ።

ሳሊሀን አታውቂያትም። ሸቤ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ የቡና ችግኝ አፍልታ የምታድር ሴት ናት። የካቲት ላይ የዚያ ከውጭ የመጣው የቡና ምርምር ተቋም መኪና ደጇ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ኸይሩ ጁምዓ ሶላት ገብቷል። ማርከስ የሚባለው ፈረንጅ ባለሙያ መጠበቁ ሰለቸውና ራሱ መሪውን ያዘ። ወደ ኋላ ነዳ። አራት ሺህ ችግኝ! ገና ሁለት ቅጠል ብቅ ያደረገ አራት ሺህ ችግኝ ጎማ ሥር ገባ። ሰውየው ወረደ፣ ራሱን ያዘ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ፣ የስም ካርዱን ሰጣትና ሄደ።

ሳሊሀ ካርዱን ይዛ እኔ ጋ መጣች። «ጋሼ፣ ይሄን ብተክለው ይበቅላል?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ወደድኳት። ክሱን ጻፍኩላት። ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ ችግኝ በችግኝ ይተካልኝ፣ በቃ። መዝገብ ቤት አስገባን። በሳምንቱ ተመለሰ። ምን ብሎ? ተከሳሹ፣ መንግሥት ከተቋሙ ጋር በተዋዋለው ውል አንቀጽ ሰባት መሠረት በአገሪቱ ፍርድ ቤት አይከሰስም።

አይከሰስም! ሰውየው የጅማን ማንጎ ይበላል፣ የጅማን ዝናብ ይጠለላል፣ በጅማ መንገድ ይነዳል፣ የጅማ ዳኛ ግን አያየውም! ኸይሩ ነድቶት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ዋስ ፍለጋ ነበርን። ኸይሩ ሲገጭሽ ሕግ አለ፤ ማርከስ ሲገጭሽ ካርድ አለ።

አያትሽ ያወራኝ ነበር። በድሮው ዘመን የፈረንጅ ነጋዴ ሚዛን ቢያጭበረብር «ቆንስሌ ካልመጣ አልዳኝም» ይል ነበር አሉ። ያ ነገር በጥይት አይደለም የቀረው። ሰዎች ቁጭ ብለው፣ አንቀጽ በአንቀጽ ተነታርከው፣ ሻያቸው እየቀዘቀዘ ነው ያስቀሩት። በውል የገባ በውል ይወጣል። ይሄን ላንቺ እኔ ልንገርሽ? እንጀራሽ አይደለም እንዴ?

ሳሊሀን ውሳኔውን ሳነብላት አላለቀሰችም። «እንግዲያው ጃርሳ እንላክበት» አለችኝ። ሽማግሌ ማለቷ ነው።

«በፈረንጅ ላይ?» አልኳት፤ ሳቄ መጣ።

«ምነው ጋሼ፣ ሽማግሌም ላይ አንቀጽ ሰባት አለ እንዴ?»

መነጽሬን አደረግኩና እንደገና አነበብኩት። ፍርድ ቤት ይላል፣ ፖሊስ ይላል፣ ፍተሻ ይላል። ሽማግሌ የሚል የለም! ናዚ፣ ያን ጊዜ በደስታ ጠረጴዛውን ስመታው ማኅተም ቀለሙ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። እናትሽ እስካሁን ታነሳዋለች።

ሐጂ ከሊል ካሉበት አራት ሽማግሌዎች ጋር ቅዳሜ ማለዳ ሰውየው ወደተከራየበት ግቢ ሄድን፤ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ነው። እኔ ጽሕፈት ልይዝ አብሬ። ማርከስ በቁምጣ ወጣ። ሰላምታ ሆነ። ወንበር አስመጣ። እንግዲህ የላኩት ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል እንደማይቀመጥ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሱ ግን በምን ይወቅ? ወንበሩን የናቁበት መስሎት ሌላ የተሻለ ወንበር አስመጣ። ቆሙ። ገብቶ ሶፋውን እየጎተተ አወጣ! ሐጂ ከሊል ሶፋውን ከላይ እስከ ታች አዩና በኦሮምኛ «ጥሩ ሶፋ ነው» አሉ። ቆሙ። እንግዳ ቆሞ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ ብሎ እሱም ቆመ። እንዲህ ተፋጠን ስንተያይ ዝናቡ መጣ። የሚያዝያ ዝናብ፣ የሚራራ አይደለም። ማንም ንቅንቅ አላለም። ሶፋው ብቻውን ይጠጣል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኸይሩ ደረሰ። ሲያየን እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ሚስተር ማርከስ፣ በሳሊሀ ጉዳይ ነው የመጡት። እሺ እስክትላቸው አይቀመጡም።»

«እስከ መቼ ነው የሚቆሙት?»

«እኔንጃ። ለእኔ ሚስት ሲጠይቁልኝ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመዋል።»

ማርከስ ሐጂ ከሊልን አያቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ከጺማቸው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ዱላቸውን ተደግፈው ፈገግ ብለዋል። ለኸይሩ ቀስ ብሎ «በፊትም እኔ ነኝ ሳሊሀ ጋ መሄድ የነበረብኝ» አለው፤ ኸይሩ ነው የነገረኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና «ቶሌ» አለ። እሺ ማለት ነው፤ ኦሮምኛ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው፤ ግን ከበቂ በላይ ነች።

አራቱም ባንዴ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሶፋው ጭቅ አለ። ውሃው ወደላይ ፈለቀ! እኔ የሳቅኩትን ሳቅ እናትሽን ካገባሁ ጀምሮ ስቄው አላውቅም።

ፍርዱ አጭር ነበር። ማርከስ በየቅዳሜው ሸቤ ይመጣል፣ በገዛ እጁ አፈር በፕላስቲክ እየሞላ፣ ዘር እየዘራ፣ አራት ሺውን ይተካል። መጣ እኮ! አላልቶ የሞላውን ሳሊሀ እየደፋች «ድገም» ትለዋለች፣ ይደግማል። «ወላሂ ጋሼ፣ እጁ አፈር አያውቅም፣ ግን ኩራት የለውም» አለችኝ። ያበላሸው ሰው ራሱ ሲያበቅል ማየት ልብ ያሞቃል። ለዘንድሮ ክረምት ባይደርስም ለሚመጣው ይደርሳል ብላ ደንበኞቿን አስታገሰች።

አንድ ሺህ ስድስት መቶ ችግኝ ላይ ሲደርስ የተቋሙ ዋና መሥሪያ ቤት ሰማና አስቆመው።

ሰኞ ጠዋት ማርከስ እኔ ጋ መጣ። ሰልፍ ያዘ፤ ከአንዲት ቀለብ ልታስቆርጥ ከመጣች ሴትና ከአንድ የወሰን ተከራካሪ ኋላ። ተራው ሲደርስ ኸይሩ እያስተረጎመ «ለመሥሪያ ቤቴ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለኝ። ምን የሚል? «ያለመከሰስ መብቴን አንሱልኝና ልዳኝ» የሚል! በሠላሳ አንድ ዓመት «አልከሰስ» የሚል እንጂ «ልከሰስ» የሚል ጽፌ አላውቅም። በነጻ ጻፍኩለት፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩለት።

መልሱ መጣ። አይቻልም። መብቱ የተቋሙ እንጂ የእሱ አይደለምና እሱ ሊተወው አይችልም። ሸቤ እጁን አፈር ሲያስነካ ከተገኘም ወደ አገሩ ይመለሳል። ለማስረጃ ብለው የውሉን ቅጂ በሙሉ አያይዘዋል።

ልጄ፣ ሙሉውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከየገጹ ግርጌ ሁለት ፊደል አለች። ና.ዓ.። የ«ና»ዋ እግር ረዘም ተደርጋ የተሳበች። ያቺን አሳሳብ አውቃታለሁ፤ ከፍርድ ቤት የተመለሰ ወረቀት ጀርባ ላይ እጅሽን ይዤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

ሳሊሀ አጠገቤ ነበረች። «ጋሼ፣ ይሄ የማን ምልክት ነው?» አለችኝ።

«የጸሐፊ ነው» አልኳት።

ፎቶሽን በዚያው ቀን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት። ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው።

አልቆጣሁሽም። ያ ፎቶ የተነሳው ለካ ለዚሁ ውል ነው፤ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ ከኋላ ነው የቆምሽው፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲሉሽ ፈረምሽ። አሁን ግን ውሉ ሊያልቅ ነው፣ ሊታደስ ነው፣ አንቺም ከድርድሩ ጠረጴዛ ተቀምጠሻል። ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ አንቀጽ ሰባት የተለመደ ነው፣ አይነካም» አልሽኝ። የተለመደ! ቁንጫም የተለመደ ነው።

ሁሉን ንቀይ አላልኩም። ጠረጴዛቸው ላይ ለጻፉት፣ ስብሰባ ላይ ለተናገሩት ማንም አይንካቸው፣ ይሁን፣ ሥራቸው ነው። መሪ ሲይዝ ግን እንደ ኸይሩ ይሁን! የሰው አጥር ሲነካ፣ የሰው ችግኝ ሲነካ፣ እንደ ማንኛችንም ዳኛ ይየው። አንድ መስመር ናት። ሌሎች አገሮች ለመኪና አደጋ እንዲህ ብለው አስገብተዋል፤ አንብቤያለሁ፣ ከዚህ ወረቀት ጋር በስልክ ልኬልሻለሁ። እሺ ካላሉ ተነሺና ቁሚ። ወንበር ቢያመጡልሽ ቁሚ። ሶፋ ቢያመጡልሽም ቁሚ።

አንቺም እዚያ አገር በልዑክነትሽ አትከሰሺም አሉ። ይመቻችሁ። እዚህ ቤት ግን ያለመከሰስ መብት የለሽም፤ ሁለት ፋሲካ ቀርተሻል። እናትሽ ሁለቱንም ጊዜ የዶሮውን ፈረሰኛ ለይታ አስቀምጣ፣ በማግስቱ ለእኔ ሰጠችኝ። አልጣፈጠኝም።

በይ እንግዲህ። አንደበትሽን የሚሰማ ጆሮ ፊትሽ ያስቀምጥልሽ። እስክሪብቶሽ አይድረቅ፣ እግርሽ አይዛል። ሐጂ ከሊልም «ረቢ ያበርታት» ብለውሻል። ማርከስ ሰላም ይልሻል፤ ልጄ መሆንሽን አያውቅም።

የምትወጂው ከሳሽሽ፣
አባትሽ ዓምደሚካኤል

ይሄንንም ስሚ። መልስሽን ለእኔ ለብቻዬ እንዳትነግሪኝ፤ አልሰማሽም። ቅዳሜ ግንቦት 16፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሸቤ፣ ሳሊሀ የችግኝ መደብ ላይ፣ ኸይሩ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይይዛል። አራቱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ማርከስም መግባት ስለተከለከለ ከአጥሩ ውጪ አለ። መስመሯን ታስገቢያለሽ ወይስ አታስገቢም፣ እዚያው በሁሉም ፊት ተናገሪ። የፊደሏንም ነገር ለሳሊሀ ራስሽ ንገሪያት፤ እኔ አንዴ ዋሽቻታለሁ። እስክትመልሺ ድረስ ሽማግሌዎቹ አይቀመጡም። እኔም አብሬያቸው ቆሜያለሁ፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።